ጅግሮቹና ዋርሳዬ

ሚያዝያ 20

የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ማሽኑ ይጮኻል። ቤት ስደርስ ባንቧው ተቆልፏል። የባሌ ወንድም ንጉሴ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጥቷል። ሚስቱ ማኅደረማርያም በሯ ላይ ቆማ ጥፍሯን ታያለች።

"ጋሼ ንጉሴ መቼ ይመጣል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

ታውቃለች። ጎረቤት ሄጄ ጀሪካን ሞልቼ ተሸክሜ መጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ልብስ ላጥብ ነበር፣ ተውኩት።

ሚያዝያ 23

ፋብሪካው መብራት ጠፍቶ በጊዜ ለቀቁን። ምነው ባልለቀቁን… ወይስ እንኳንም ለቀቁን? በሬ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መኝታ ቤቴ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ሜትር ዘርግቶ ግድግዳዬን ይለካል። አልጋዬ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ንጉሴ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ምንጣፌ ላይ ቆሟል።

"ቶሎ መጣሽሳ" አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ልኬት ነው።"

"የምን ልኬት?"

"የአባቴ ቤት ነው። የአባቴን ቤት መለካት አልችልም?"

ሰውየው አፍሮ ሜትሩን ጠቀለለ። ንጉሴ ግን አላፈረም። እየወጣ፣ በትከሻው በኩል፣ "እስከ መስቀል ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ ግቢውን እሸጠዋለሁ" አለ። የባሌን የልዑልን ሙት ዓመት ያወጣነው ገና በጥር ነው። እንባዬ እንኳን በደንብ አልደረቀም። ወንድሙ እኮ ነው!

የት ልሂድ? ወላጆቼ የሉም። ልጅ አልሰጠኝም። ያለኝ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ግቢው የአማቼ ነበር። ንጉሴ ከዚያ ማዶ፣ እኔና ልዑል ከዚህ ማዶ ኖርን። ልዑልም አንዲት ነገር በወረቀት ሳያሰፍር ሄደ። እሱም ላይ ተናድጃለሁ። አፈሩ ይቅለለውና፣ ተናድጃለሁ።

ሚያዝያ 25

ጓጉንቸር ገዝቼ በሩን ቆለፍኩ።

ሚያዝያ 26

ጓጉንቸሩ ከነማንጠልጠያው ተነቅሎ መሬት ላይ አገኘሁት። ቤት ውስጥ የጎደለ ነገር የለም። መግባት እንደሚችል ሊያሳየኝ ብቻ ነው የገባው። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ትራሱ ጎድጉዷል።

የባል ወንድም "ዋርሳ" የሚባለው ለካ ቃሉ ከመውረስ ነው። እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም። ልወርስሽ ነው እያለ ሲበላ ሲጠጣ ኖሯል፣ እኔ ወንድም መስሎኝ ወጥ እጨምርለታለሁ።

ሚያዝያ 29

ነጅዋ ለምትባል የሥራ ጓደኛዬ ነገርኳት። አንድ ማሽን ላይ ነው የምንሠራው፣ የአልዩ አምባ ልጅ ናት።

"ውሻ ግዢ" አለችኝ መጀመሪያ።

"ይመርዘዋል።"

ትንሽ አሰበች። "በኛ አገር ጅግራ ነው። ባዕድ ሲያይ ሰፈር ያስነሳል። ማንም ቢሆን ተደብቆ አይገባም። አጎቴ ሸሪፍ ያረባል።"

ሳቅኩኝ። በዶሮ ልጠበቅ? ማታ ግን ሳስበው… ለምን አልጠበቅም? ቢያንስ ሰው ሲገባ ጎረቤት ይሰማል። ምስክር ነው የምፈልገው።

ግንቦት 3

አልዩ አምባ ወርጄ መጣሁ። ከአንኮበር ወዲያ ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨረሰው። ደብረ ብርሃን ሹራብ ደርቤ ወጥቼ እዚያ ስደርስ ነጠላም ከበደኝ።

ሸሪፍ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ጅግሮቹ ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ግራጫ፣ ነጭ ጠቃጠቆ፣ ራሳቸው መላጣ፣ አናታቸው ላይ ቀንድ የመሰለ አጥንት። አስቀያሚ ናቸው።

"ከየት አመጣሃቸው?"

"እንቁላሉን ከቆላ አምጥቼ ዶሮ አስታቀፍኩ። ዶሮ ምን ታውቃለች? ልጆቿ ይመስሏታል፣ ታሳድጋቸዋለች።"

"ወንዱ የቱ ነው?"

"ወላሂ በመልክ አይለይም፣ በድምፅ ነው። ሴቷ ሁለት አድርጋ ነው የምትጮኸው፣ ወንዱ አንድ።" ቆየና፣ "ለሥጋ ነው ለእንቁላል?" አለኝ።

"ለዋርሳ ነው" አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። አራት መረጠልኝ። አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴት። ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ፤ ተደብቀው ነው የሚጥሉት፣ ጫጩታቸውን ደግሞ ጤዛ ይገድለዋል። "ኢንሻአላህ ዋርሳሽ ይለምዳቸዋል" አለ ሲሸኘኝ። እኔ ደግሞ አይልመዳቸው!

በሚኒባስ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ አመጣኋቸው። አንዷ አንገቷን አውጥታ አንኮበር ድረስ ጮኸች። ረዳቱ "እናት፣ ወይ እሷ ትውረድ ወይ እኔ ልውረድ" አለኝ።

ግንቦት 5

ስህተት ሠራሁ። ባዕድ የሚሉት እኔን ነው። ከፈረቃ ስመለስ አራቱም ቆርቆሮ ላይ ወጥተው ጮኹብኝ። የገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ እንደ ሌባ ቆሜ ቀረሁ። ማኅደረማርያም በመስኮት እያየች ጥርሷን አልከደነችም።

ግንቦት 14

ለመዱኝ። ወይም የማሽላውን ጣሳ ለመዱ። ያው ነው።

ግንቦት 19

ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ንጉሴ ገዢ ይዞ መጣ። ኮት የለበሰ፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው። እኔ ውስጥ ነበርኩ፣ አልወጣሁም። ጅግሮቹ ገና ከበሩ ሲገቡ ጀመሩ። ንጉሴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ቦታው ስፋት ይናገራል፣ እነሱ ይብሳሉ። ድንጋይ ወረወረ። ቆርቆሮው ጓ! አለ፣ እነሱም ባሰባቸው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሰውየው ጆሮውን ይዞ፣ "ሌላ ቀን እንነጋገራለን" ብሎ ሲሄድ በስንጥቅ አየሁት።

ሲመሽ ማሽላ ጨመርኩላቸው።

ግንቦት 24

ማኅደረማርያም ባንቧው ላይ አገኘችኝ። ዛሬ ተከፍቷል፣ እንግዳ ነገር ነው።

"ያቺ ወፍሽ ምን እንደምትል ሰምተሻታል?" አለችኝ።

"ምን ትላለች?"

"ውጪ! ውጪ! ነው የምትለው። አንቺን ነው።"

"ተሳስተሻል። ውጣ! ውጣ! ነው የምትለው።"

ጀሪካኗን ሳትሞላ ሄደች። ቤት ገብቼ አዳመጥኩ። እግዜር ያውቃል፣ ሁለቱንም ይመስላል።

ሐምሌ 8

ወንዱ ሞቶ አገኘሁት። ባንቧው አጠገብ፣ ጭንቅላቱ ተፈርክሷል፣ ድንጋዩ አጠገቡ። ንጉሴ "ድመት ይሆናል" አለኝ። ድንጋይ የምትወረውር ድመት!

ታርዶ ቢሆን እንኳን አንድ ነገር ነው። እንዲህ ሆኖ ለማን ይሆናል? በክት ነው። በላባው ይዤ ወሰድኩና ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። "ድመታችሁ ረስታው ሄደች" አልኩ። ንጉሴ ወፉን በጫማው ገፍቶ በሩን ዘጋው።

ሐምሌ 16

ዝናብ፣ ጭቃ፣ ብርድ። እንቁላል የለም። ሦስቱም ሴቶች ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይጮኻሉ፣ አይጥሉም። ሸሪፍ በስልክ፣ "ይጥላሉ፣ አንቺ ነሽ ያላገኘሽው" አለኝ። የማገዶውን ክምር፣ የግንቡን ሥር ሁሉ ፈተሽኩ። ከዚህ ማዶ የለም። ከዚያ ማዶ መፈተሽ ደግሞ አልችልም።

ነሐሴ 14

የማኅደረማርያም ቀይ ዶሮ ታቅፋለች። ከጓዳቸው ጀርባ፣ የተጣለው በርሜል ሥር። ማኅደረማርያም ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት፣ በዚህ ዝናብ ታቀፈችብኝ እያለች ታማርራለች። ዶሮዋም እንደ ባለቤቷ ጊዜ አታውቅም።

መስከረም 6

ጉድ!

ጫጩቶቹ ወጡ። ቀይዋ ዶሮ ፊት ለፊት ትሄዳለች፣ ከኋላዋ ቡናማ፣ ጀርባቸው ላይ መስመር ያላቸው፣ እግራቸው ብርቱካናማ የሆኑ ነገሮች ይበራሉ። ይሮጣሉ ማለት አይበቃም። ማኅደረማርያም ቆማ አፏን ከፍታ ታያለች። እኔም አየሁ። የጫጩት መልክ የላቸውም።

ጅግራ ናቸው! ጅግሮቼ በርሜሉ ሥር ሲጥሉ ከርመዋል። ዶሮዋ የሷ መስሏት የኔን ታቀፈች።

"የኔ ናቸው" አልኩ።

"የምን ያንቺ? ዶሮዬ ናት የፈለፈለችው!"

"እንቁላሉ የማን ነው?"

"ስትጥል አየሻት?"

ልይዝ ጎንበስ አልኩ። ዶሮዋ እጄን ነከሰችኝ። ማኅደረማርያም ነጠላዬን ጎተተች፣ እኔም የሷን ጎተትኩ። የአርባ ምናምን ዓመት ሴቶች፣ ጭቃ ውስጥ፣ በዶሮ ተያያዝን። ጎረቤት ገላገለን። አፍራለሁ። ግን ደግሜም አደርገዋለሁ።

መስከረም 9

ንጉሴ ሽማግሌ ጠርቷል። ለጫጩት አይደለም፣ ለቤቱ። "በሰላም ትልቀቅልኝ ብላችሁ ንገሩልኝ" ብሏቸዋል አሉ። ሰብሳቢው አባ ዘርአ ዳዊት ናቸው፣ የአማቼ የነፍስ አባት። ከሳቸው ሌላ ሁለት የሰፈር ሰዎች።

ምን እላለሁ? ወረቀት የለኝም። ልጅ የለኝም። ፍርድ ቤት ቢሄድ እሱ ነው የሚያሸንፈው፣ ጠይቄያለሁ። ዛሬ ሥራ ላይ ክሩ ሦስቴ ተበጠሰብኝ።

መስከረም 13

እንዳይጠፋኝ ሁሉንም ልጻፈው።

ግቢው መሐል አግዳሚ ወንበር አወጣን። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጅግሮቹ እንደ ልማዳቸው ጮኹ፣ አባ ዘርአ ዳዊት እስኪያልፍላቸው መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁ። ንጉሴ ስለ ቤቱ ሊጀምር ሲል ማኅደረማርያም ቀደመች። "አባ፣ ቤቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ደበደበችኝ!" ብላ የጫጩቱን ነገር አነሳች። ንጉሴ በዓይኑ ቆጣ ቢላትም ነገሩ ወጥቷል። አባም ፈገግ አሉ።

"ይሁን፣ ትንሹን አስቀድመን እንጨርሰው። አስካለማርያም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አባ፣ የእንቁላሉ ባለቤት ነው የጫጩቱ ባለቤት። ጅግራዬ ነች የጣለችው። ደሙ የኔ ነው። ዶሮዋ ዕቃ ናት፣ ታቀፈች እንጂ ምን አደረገች?"

እንዲህ ብዬ ጮህኩ። ሞኝ! ሞኝ ነኝ። ምን እያልኩ እንደሆነ አላወቅኩም።

"አንተስ ንጉሴ?"

ንጉሴ ተነሳ። ለቤቱ ብሎ ያጠናውን ድምፅ ለጫጩት አወጣው። "አባ፣ እንቁላል መጣል ምን ይከብዳል? ጥላ ሄደች። ዞራ አላየችውም። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ብርድ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ አቅፋ የከረመችው የኛ ዶሮ ናት። ባለቤቱ የታቀፈው ነው። ይሄ እኮ ሕፃንም የሚያውቀው ነው!"

"ባለቤቱ የታቀፈው ነው ትላለህ?"

"የታቀፈው ነው! በእግዚአብሔር ፊት እላለሁ!"

"የማታጥፈው ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። በኔ ቃል ብንሄድ ቤቱ የሱ ነው፤ ደሙ፣ የአባቱ ልጅ። በሱ ቃል ብንሄድ ግን…

ጫጩቶቹን አየኋቸው። ዶሮዋ ክንፍ ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል። ስንት ወር የለፋሁባቸው። እናቶቻቸውን ቆላ ድረስ ወርጄ አመጣሁ።

"አባ፣ ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ጋሼ ንጉሴ ልክ ነው። ጫጩቶቹን ይውሰድ። ባለቤቱ የታቀፈው ነው።"

ማኅደረማርያም እልል ልትል ምንም አልቀራት። ንጉሴ ደረቱን ነፋ።

"አሁን ቤቱን እንይ" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "አባታችሁ ግማሽ ጎኑ ሲሞት ማን ታቀፈው? ጋሼ ንጉሴ፣ አንተ ነህ? ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ቆመህ እንዴት አደርክ ብለህ ትሄድ ነበር። ሽታው ይከብድህ ነበር። እኔ ነኝ እንደ ሕፃን ታቅፌ ያጠብኩት። አልጋ ላይ የገለበጥኩት፣ ያጎረስኩት። ጣሪያው ሲያፈስ ልዑልና እኔ ነን ቆርቆሮውን የቀየርነው። ወለሉን እኔ ነኝ በፈረቃ ደመወዝ ያስለሰንኩት። አንተ የአባትህ ደም ነህ፣ አልክድም። የጣለህ እሱ ነው። የታቀፈው ግን ማነው?"

ሽማግሌዎቹ ወደ ንጉሴ ዞሩ።

ንጉሴ "እሱማ ሌላ ነገር ነው!" አለ። "ዶሮና ሰው ምን አገናኘው?"

አባ ዘርአ ዳዊት መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "እኔ አባትህን ላቆርብ ስመጣ" አሉ፣ "ይቺ ልጅ እጇ ላይ ይዛው ነው ያገኘኋት። አንድ ቀን አይደለም። አንተን እዚያ አላየሁህም ልጄ። ቃልህን ደግሞ አሁን ሰማነው። በእግዚአብሔር ፊት ብለሃል።"

ሌሎቹም ተቀበሉ። ሁለቱ ክፍልና ደጃፉ የኔ ሆኖ ይኖራል፣ እሱ የራሱን ማዶ ቢሸጥም ቢያቆይም የራሱ ጉዳይ። ጫጩቶቹ የሱ። አባ አማትበው አስማሙን። ንጉሴ እጄን ጨበጠኝ፣ ዓይኑን ግን ጭቃው ላይ አደረገ።

አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ለልዑል፣ ለአባባ፣ ትንሽ ደግሞ ለጫጩቶቹ።

መስከረም 15

ማኅደረማርያም ሰላም አትለኝም። እኔም አልላትም። ባንቧው ግን ክፍት ነው።

መስከረም 28

ጫጩቶቹ በስተማዶ እየተርመሰመሱ ያድጋሉ። ንጉሴ ለሰው እያሳየ ይኩራራል። የኔ ሦስቱ ቆርቆሮ ላይ ሆነው ሲያዩአቸው ይጮኻሉ፣ ምን እንደሚሉ እንጃ። እኔ ንጉሴን ይቅር አላልኩትም። ሽማግሌ ያስማማው እጃችንን ነው። በሬ ላይ የተነቀለውን ማንጠልጠያ ዛሬ አናጢ ጠርቼ አስጠገንኩ፣ ከበፊቱ የወፈረ።

ጥቅምት 12

ውርጭ ጥሏል። ሣሩ ነጭ ሆኖ አድሯል። የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ሻይ አፍልቼ ተቀምጫለሁ።

"ቤቶች!"

እንግዳ መሰለኝ።

"ቤቶች!"

የንጉሴ ድምፅ ነው። ተወልዶ ባደገበት ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ እንደ ሰው ቤት እንግዳ፣ ቤቶች ብሎ ይጣራል። ኩባያው እጄ ላይ ቀረ።

"ማነው?" አልኩ። ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

"ንጉሴ ነኝ" አለ።

"ምን ነበር?"

"ጫጩቶቹ… ሁለቱ ሞተዋል። የቀሩትም በብርድ ደርቀው ሊያልቁ ነው። አንቺ ታውቂ እንደሆን ብዬ…"

"መጣሁ" አልኩት። ሻዬን እስከ አተላው ጠጣሁ። ከዚያ በሩን ከፈትኩ። ካርቶን ታቅፎ ቆሟል፣ ውስጡ ይንሰፈሰፋሉ። ጢሙ ላይ ብርዱ ውሃ ሆኗል። ግባ አላልኩትም።

"ምድጃ አጠገብ አስቀምጣቸው። ጤዛው ሳይደርቅ አታውጣቸው" አልኩት። "ገባህ?"

"ገባኝ" አለ፣ ከደጅ ሆኖ።